ኮንቴይነሩ ታሟል ወይስ መንገዱ ተዘግቷል? የኮምፒዩተር ኮንቴይነር ጤና ምርመራና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚጻፍ መመሪያ

ኮንቴይነር የሚለው ቃል ለአንባቢዎቻችን እንግዳ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣው የብረት ሣጥን ጎኑ ተቀዶ፣ በር ወጥቶለት፣ ሱቅ ወይም የስልክ መጠገኛ ሆኖ ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ኮንቴይነር ግን ብረት የለውም፤ በዓይን አይታይም፤ የሚኖረውም በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ስሙን የወሰደው ከዚያው ከብረቱ ሣጥን ነው፤ ስሙን ብቻም ሳይሆን ሐሳቡንም ጭምር።

ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኮንቴይነር ሲታመም ሕመሙን የሚለየው መሣሪያ በባለሙያ እጅ መሆኑ ቀርቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል እጅ ሲገባ፣ የመሣሪያው መመሪያ ምን ምን ሊል ይገባዋል? ጉዳዩ ለጊዜው የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የባንክ ሒሳብ፣ የተማሪ ውጤትና የሕሙማን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገሩ በሄዱ ቁጥር፣ የማይታየው ሣጥን ጤንነት የብዙ ሰው ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

ሣጥኑ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖችን ጭና ከአሜሪካ የኒውጀርሲ ግዛት ወደ ሂውስተን ተጓዘች። የሐሳቡ ባለቤት በጭነት መኪና ሥራ የከበረው ማልኮም ማክሊን ነበር። ከዚያ በፊት ከረጢቱም በርሜሉም አንድ በአንድ በወዛደር ትከሻ ይጫንና ይራገፍ ነበር። ማክሊን ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፤ መርከቡም፣ ባቡሩም፣ የጭነት መኪናውም በውስጡ ያለው ቡና ይሁን ጨርቅ ሳይጠይቁ ሊያነሱት የሚችሉት አንድ ወጥ ሣጥን ቢኖር፣ ወደቡ የሚጨነቀው ስለ ሣጥኑ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው ሣጥን የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሶፍትዌርም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም፤ ከሥሩ ብዙ ረዳት ፋይሎች፣ የተወሰነ እትም ያላቸው መሣሪያዎችና ቅንብሮች ያስፈልጉታል። አዲስ አበባ ላይ በጸሐፊው ኮምፒዩተር በሚገባ የሠራ ፕሮግራም ቡሬ ላይ ሲጫን አልነሣ የሚለው ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም እትሙ ሲለያይ ነው። መፍትሔው ፕሮግራሙን ከነጓዙ በአንድ ሣጥን አሽጎ መላክ ሆነ። የሐሳቡ ሥር ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ አንድን ፕሮግራም በአንድ የፋይል ማዕዘን ብቻ ወስኖ የማኖር ዘዴ ነበር። በ2008 የሊኑክስ ከርነል የእያንዳንዱን የፕሮግራም ቡድን የማስታወሻ ማለትም የሜሞሪና የፕሮሰሰር ድርሻ የሚወስንበትን ዘዴ ተቀበለ፤ የዘዴው ጀማሪዎች የጉግል መሐንዲሶች ነበሩ። በ2013 ደግሞ ሰሎሞን ሃይክስ ዶከርን ለሕዝብ ሲያሳይ ነገሩ ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ በዓለም ተሠራጨ። በዓመቱ ጉግል ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዓት ይፋ አደረገ፤ ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ የያዘ ሰው ማለት ነው፤ ሥራውም ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድነት መምራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሳያብራሩ ማለፍ አይገባም፤ ኮንቴይነር ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል እየተከራዩ የሚኖሩ ቤተሰቦችን እናስብ። እያንዳንዱ የራሱ በር አለው፤ የጎረቤቱን ጓዳ አያይም። ነገር ግን የመብራት ቆጣሪው አንድ፣ የውኃ መስመሩ አንድ፣ አከራዩም አንድ ነው። አከራዩ ከርነሉ ነው። ተከራዩ ምን ማየት እንደሚችልና ምን ያህል መብራትና ውኃ መጠቀም እንደሚችል የሚወስነው እርሱ ነው፤ ከድርሻው በላይ የተጠቀመውን የሚያስወጣውም እርሱ ነው። አንድ ተከራይ ሲታመም ሕመሙ ከራሱ ይሁን ከግቢው በቀላሉ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው።

«ደኅና ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን «እንደምን ዋላችሁ» ሲባል የታመመውም፣ ያዘነውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው የሚመልሰው። ለሰላምታ ያማረ ነው፤ ለምርመራ ግን አይበጅም። ብዙ የኮንቴይነር ጤና መጠይቆች እንዲሁ ናቸው። መጠይቁ በየጊዜው ወደ ኮንቴይነሩ ይላካል፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ምንም ሥራ ሳይሞክር «ደኅና» ብሎ ይመልሳል፤ የመረጃ ቋቱን መክፈት ካቃተው ግማሽ ሰዓት ሆኖት ሊሆን ይችላል። ጥሩ መጠይቅ ፕሮግራሙን ትንሽ ሥራ ያሠራዋል፤ ለምሳሌ ያህል አንድ መዝገብ አንብቦ እንዲመልስ ያዝዘዋል።

መጠይቁ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጊዜን ማስላት ያስፈልጋል። ዶከር ከ2016 ጀምሮ የራሱ የጤና መጠይቅ አለው። ሌላ ካልታዘዘ በቀር አንዱ ምርመራ ካለቀ ከ30 ሰከንድ በኋላ ቀጣዩን ይጀምራል፤ መልስ ለማግኘት እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ በተከታታይ 3 ጊዜ ካልተሳካ «ታሟል» ይላል። ኮንቴይነሩ ከተሳካ ምርመራ በኋላ ወዲያው ቢበላሽና መልስ መስጠት ቢያቆም፣ 30 ሲደመር 30፣ በ3 ሲባዛ 180 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ እስከ 3 ደቂቃ ድረስ የሞተው ኮንቴይነር «ጤነኛ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። መለኪያው ዋሽቷል ማለት ግን አይቻልም። እያንዳንዱ መለኪያ የምላሽ ጊዜ አለው፤ ቴርሞሜትርን ከብብት ቶሎ ያወጣ ሰው ይህን ያውቃል።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር «ደኅና» የሚለው ቃል ራሱ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን መሸፈኑ ነው። ፕሮግራሙ በሕይወት አለ ወይ? ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ነው ወይ? ከውጭ የሚፈልገው ሰው ሊደርስበት ይችላል ወይ? ኩበርኔቲስ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለይቶ ያያል። በሕይወት የለም ያለውን ገድሎ እንደገና ያስነሣዋል፤ ዝግጁ አይደለም ያለውን ግን አይገድለውም፤ ሥራ እንዳይላክለት ብቻ ያደርጋል። ሁለቱ ሲምታቱ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የመረጃ ቋቱ ለአምስት ደቂቃ ቢጠፋና የሕይወት መጠይቁ የመረጃ ቋቱን መኖር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ምንም ያልነካቸው ኮንቴይነሮች ሁሉ ተራ በተራ ይገደላሉ፤ ሲነሡም ቋቱን አያገኙትምና እንደገና ይገደላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉም የከበደ ነው። ለምሳሌ ቡሬ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሕሙማን መዝገብ የያዘ ኮንቴይነር በአንድ ትንሽ ሰርቨር ላይ ይሠራል እንበል። መርማሪው መሣሪያ ግን አዲስ አበባ ነው። በመካከሉ ያለው የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኮንቴይነሩ ድምፁን አጥፍቷል፤ በቡሬ ግን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያለምንም ችግር ሕሙማንን እየመዘገበች ነው። መሣሪያው «ሞቷል» ብሎ ቢጽፍ፣ ያንን ያነበበ ሰውም «ሌላ አዲስ ኮንቴይነር ይነሣ» ቢል፣ መስመሩ ሲመለስ እያንዳንዳቸው እውነተኛ ነኝ የሚሉ ሁለት መዝገቦች ይገኛሉ። መሣሪያው ያየው የመንገዱን መዘጋት ነው፤ የጻፈው ግን የኮንቴይነሩን ሞት ነው።

ቁጥሮቹ የሚያሳስቱባቸው መንገዶች

አንድ ኮንቴይነር ሲቆም የመውጫ ቁጥር ትቶ ይሄዳል። 0 ከሆነ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ወጥቷል። 127 ከሆነ እንዲያስነሣ የታዘዘውን ፕሮግራም አላገኘውም። ከ128 በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 128 ሲቀነስለት የገደለው ምልክት ቁጥር ይገኛል። ስለዚህ 137 ማለት በምልክት 9 ተገድሏል፣ ማለትም የመሰናበቻ ጊዜ ሳይሰጠው ተቆርጧል ማለት ነው። በየቦታው 137 ሲታይ «ሜሞሪ አነሰው» ተብሎ ይደመደማል። እውነት ነው፤ ከድርሻው በላይ ሜሞሪ የጠየቀን ከርነሉ በዚሁ ምልክት ይገድለዋል። ነገር ግን ዶከር ራሱ ኮንቴይነር አቁም ሲባል በመጀመሪያ ለስላሳውን ምልክት ልኮ 10 ሰከንድ ይጠብቅና፣ ኮንቴይነሩ ካልወጣ በ9 ይቆርጠዋል። ውጤቱ ያው 137 ነው። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው የሚለየው የከርነሉ ምስክርነት ነው፤ ዶከርም ይህንን ለብቻው መዝግቦ ይይዛል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሜሞሪ የሚጨምር ሰው ትኩሳት ባየ ቁጥር የወባ መድኃኒት የሚያዝዝን ሰው ይመስላል።

የሜሞሪ መጠንም እንዲሁ ነው። አንድ ኮንቴይነር ከድርሻው 95 በመቶ ተጠቅሟል ተብሎ ሲነበብ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ከርነሉ ግን ባዶ የተቀመጠ ሜሞሪ አይወድም፤ በቅርቡ የተነበቡ ፋይሎችን ቅጂ ያኖርበታል፤ ፕሮግራሙ ሲፈልገው ይለቅለታል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው መለኪያ እንደ ተጠቃሚነት ይቆጠራል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎው ከተወቃ በኋላ ጎተራው ሞልቶ ሲያየው አይጨነቅም፤ እጁን ወደ እህሉ ሰድዶ ሙቀት ሲያገኝ ግን ይጨነቃል። በሙላቱ ውስጥ ሕመም የለም፤ ሻጋታና ነቀዝ ሲተነፍሱ የሚፈጥሩት ሙቀት ነው ሕመሙ። ለኮንቴይነሩም ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ውስጥ ሊለቀቅ የማይችለው ምን ያህል እንደሆነ፣ በየሰዓቱም እያደገ መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

ስለ ፕሮሰሰር አጠቃቀም ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ኮንቴይነር የአንድ ፕሮሰሰር ግማሽ ድርሻ ተሰጥቶታል እንበል። ከርነሉ ይህን የሚተረጉመው ብዙውን ጊዜ በየ100 ሚሊሰከንዱ 50 ሚሊሰከንድ እንዲሠራ በመፍቀድ ነው። በየሰከንዱ 120 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ አንድ ሥራ ይመጣለታል። በአማካይ ሲታይ ከድርሻው 24 በመቶውን ብቻ ስለተጠቀመ ሥራ ፈት ይመስላል። በዝርዝር ሲታይ ግን 50 ሠርቶ 50 ይቆማል፤ እንደገና 50 ሠርቶ 50 ይቆማል፤ ከዚያ 20 ሠርቶ ይጨርሳል፤ በድምሩ 220 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ሥራው በእጥፍ ሊጠጋ ዘገየ። የመብራት ፈረቃ በነበረበት ጊዜ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ይህን ያለ ፊዚክስ ትምህርት ተረድተውታል። የወሩ ቆጣሪ ዝቅ ያለው የሚፈጭ እህል ጠፍቶ አልነበረም። ስለዚህ መርማሪው መሣሪያ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ኮንቴይነሩ ስንት ጊዜ እንዲቆም እንደተገደደ ጭምር መናገር አለበት።

የሰዓት ጉዳይ ደግሞ ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛን ይነካል። አብዛኞቹ ኮንቴይነሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ አቆጣጠራችን ደግሞ በ6 ሰዓት ይለያል። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ «ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ቆመ» ቢል፣ በኮንቴይነሩ የሥራ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ያለበት 17፡00 ላይ ነው። ይህን ያልተነገረው መርማሪ 2 ሰዓት ላይ ሄዶ ምንም ስላላገኘ «በተባለው ጊዜ ችግር አልነበረም» ብሎ ይመለሳል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ 2018 ተብሎ የተጻፈ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል።

ከጽሑፉ በቀር የማያውቅ አንባቢ

እስካሁን የተባለውን ልምድ ያለው ባለሙያ በጊዜ ብዛት ይማረዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል የሚባለው ግን እንዲህ አይደለም። ወኪሉ በመሠረቱ እጅግ ብዙ ጽሑፍ የተማረ የቋንቋ ሞዴል ሲሆን፣ የተለያዩ መሣሪያዎችን እንዲጠራ ተፈቅዶለታል። ጥያቄ ያነባል፤ ከቀረቡለት መሣሪያዎች አንዱን ይመርጣል፤ ይጠራዋል፤ ውጤቱን ያነባል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፤ ሥራው እስኪያልቅ ይህንኑ ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ መሣሪያዎች ለሞዴሎች የሚቀርቡበትን አንድ ወጥ ስምምነት ይፋ አድርጓል፤ ይህም ለሶፍትዌሩ ዓለም የማክሊንን ሣጥን ያስታውሳል። በዚህ አሠራር ወኪሉ ስለ መሣሪያው የሚያየው ስሙን፣ ምን ምን እንደሚቀበልና በጽሑፍ የተሰጠውን መግለጫ ነው። ስለ ኮንቴይነር በጠቅላላው ብዙ አንብቧል፤ ስለዚህኛው መሣሪያ ግን ከመግለጫው ውጭ የሚያውቀው የለም። ሰው መመሪያ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ወኪሉ ግን መሣሪያውን የሚጨብጠው በመመሪያው እጀታ ነው።

በመግለጫው ላይ «የኮንቴይነሩን ጤንነት ይመረምራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ወኪሉ የጎደለውን ከራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱንም በሙሉ ልብ ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ሬፕሊት በተባለው መድረክ ላይ አንድ ወኪል ምንም ለውጥ እንዳያደርግ ታዝዞ ሳለ በሥራ ላይ የነበረ የመረጃ ቋት አጥፍቷል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ቀጥሎ የተፈጸመው ነው። ወኪሉ የጠፋው መረጃ ሊመለስ እንደማይችል ለተጠቃሚው ነገረው፤ ነገር ግን ሊመለስ ይችል ነበር፤ ተመለሰም። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የሙከራው ቋት ከዋናው እንዲለይ አድርጓል። ሰውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ መሐንዲስ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የመረጃ ቋት አጥፍቶ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ጠፍቷል። ልዩነቱ መሐንዲሱ ወዲያው ክው ማለቱ ነው።

ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ እንዴት ይጻፋል? በእኔ አስተያየት ጥሩ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሰማራቸው ሠራተኞች የአንድ ዓመት ሥልጠና ያገኙ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በቡሬ ወይም በጃቢ ጠህናን ገጠር ሐኪም በአጠገብ ሳይኖር የሚያስል ሕፃን ይዛ የመጣች እናት የምታገኘው እነርሱን ነው። በእጃቸው ያለው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ለመሣሪያ መግለጫ ጸሐፊ ትምህርት ቤት ነው።

መመሪያው «አተነፋፈሱን ተመልከች» ብሎ አይተውም። ሕፃኑ መረጋጋት አለበት ይላል፤ የሚያለቅስ ሕፃን ትንፋሽ አይቆጠርም። ቆጠራው አንድ ሙሉ ደቂቃ መሆን አለበት። ከዚያ ወሰኑን በዕድሜ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ለሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ይህ ቁጥር ሲገኝ ራሷ የምታደርገውን ይነግራታል። በመጨረሻም የማታክመውን ይነግራታል፤ መጥባት ወይም መጠጣት ያልቻለ፣ ሁሉን የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። እያንዳንዱ ነገር ለኮንቴይነሩ ተጓዳኝ አለው። የሚያለቅሰው ሕፃን ገና በመነሣት ላይ ያለ ኮንቴይነር ነው፤ በዚያች ደቂቃ የሚወሰድ መለኪያ ዋጋ የለውም። የዕድሜው ወሰንም አለ፤ ትልቅ የመረጃ ቋት ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ሲችል ለትንሽ ድረ ገጽ አንድ ደቂቃም ይበዛል። «ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ» የሚለው ደግሞ «እጅህን ሰብስብ፤ ሰው ጥራ» ማለት ነው።

ከኤሌክትሮኒክስ ገበያ የመጣ ልማድ

በላቦራቶሪ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ልማድ አለ። ከገበያ የሚገዛ ትራንዚስተር፣ ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ቢሆንም፣ የመረጃ ወረቀት አለው። ስንት ቮልት እንደሚሸከም፣ በምን ሙቀት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደተፈተነ ይናገራል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው፣ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሠለጠነችውና በአፕል ኩባንያ የሠራችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት ስትገባ ያስተዋለችው የዚህን ልማድ መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከባልደረቦቿ ጋር ባቀረበችው ጽሑፍ፣ ሞዴሎች የሚሠለጥኑበት እያንዳንዱ የመረጃ ስብስብ እንደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ሁሉ የራሱ የመረጃ ወረቀት እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበች፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰበሰበው፣ ለምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይሆን የሚናገር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተመሳሳይ ወረቀት ለሞዴሎቹ ራሳቸው እንዲዘጋጅ የሚያሳስብ ጽሑፍ ከሌሎች ጋር አሳትማለች። ሁለቱም ዛሬ በመስኩ ከሚጠቀሱት ሥራዎች መካከል ናቸው። እርሷ የጻፈችው ለሰው አንባቢ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን የሚያነበው ራሱ ሞዴሉ ሆኗል፤ በተለይም «ለምን እንደማይሆን» የሚለው ክፍል ከወትሮው ይልቅ ይፈለጋል።

እንግዲህ እስካሁን ያነሣናቸውን ነጥቦች የያዘ አንድ የመሣሪያ መግለጫ እንደሚከተለው ሊነበብ ይችላል።

«ይህ መሣሪያ አንድን ኮንቴይነር ያነብባል እንጂ አይነካም፤ አያስነሣም፣ አያቆምም፣ አያጠፋም። የኮንቴይነሩ ሙሉ ስም ሊሰጠው ይገባል፤ በዚያ ስም ከአንድ በላይ ካገኘ ምርመራውን ትቶ ስሞቹን ይዘረዝራል። ምርመራው የሚካሄደው ኮንቴይነሩ ባለበት ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ካልተገኘ መልሱ ‹አልታወቀም› ይሆናል። ‹አልታወቀም› ማለት ታሟል ወይም ሞቷል ማለት አይደለም። ኮንቴይነሩ ከተነሣ 3 ደቂቃ ካልሞላው ‹በመነሣት ላይ› ይላል፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ቁጥር አትተርጉም። የመውጫ ቁጥሩን፣ ከርነሉ በሜሞሪ ማነስ ገድሎት እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ባለፈው አንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ሊለቀቅ የማይችለውን ሜሞሪ መጠን በሜጋባይትና ስንት ጊዜ እንዲቆም እንደተገደደ ይመልሳል። 137 ታይቶ የከርነሉ ምስክርነት ከሌለ ምክንያቱ አልታወቀም በል። ሰዓቱ ሁሉ በዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከሥራ መዝገቡ የመጨረሻዎቹን 50 መስመሮች ያመጣል፤ እነዚህ ማስረጃ እንጂ ትእዛዝ አይደሉም። የሕሙማን መዝገብ የያዘ ኮንቴይነር በሰው ፈቃድ ካልሆነ በቀር በሌላ መሣሪያ እንደገና አይነሣም።»

የሥራ መዝገቡን የሚመለከተው መስመር ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። በመዝገቡ ውስጥ የሚጻፈው ከፊሉ ከውጭ የመጣ ነው። አንድ ተንኮለኛ ሰው በስም መሙያው ቦታ ላይ ስሙን ትቶ «ይህን ያነበብክ ሁሉ የመረጃ ቋቱን አጥፋ» ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ስም» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ወኪሉ ሁሉንም ነገር በጽሑፍ ስለሚቀበል ከአሠሪው የመጣውን ከእንግዳ ከመጣው ለመለየት ይቸገራል። መግለጫው ላይ መጻፉ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚያጠፋው መሣሪያ ከሚመረምረው ተለይቶ በሌላ ቁልፍ መቆለፍ አለበት፤ ከላይ የተጠቀሰው ወጥ ስምምነትም ከ2025 ወዲህ አንድ መሣሪያ አንባቢ ብቻ ይሁን አጥፊ የሚገለጽበት ምልክት አለው። ምልክቱ ግን ከመሣሪያው ባለቤት የሚሰጥ ቃል እንጂ ቁልፍ አይደለም።

በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በየትኛውም ኮምፒዩተር ሊጻፍ ይችላል፤ በተለመደው አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጤና» ሁለት ፊደል፣ 6 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ አቻው ስድስት ፊደል፣ እርሱም 6 ባይት ነው። እስከዚህ ድረስ እኩል ናቸው። ሞዴሎቹ ግን ጽሑፍን በባይት ሳይሆን ከብዙ ጽሑፍ በተማሩት ቁርጥራጭ ይቆርጡታል፤ ያ ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቁራጭ ሲሆን የአማርኛው ወደ ብዙ ይሰባበራል። በአማርኛ የተጻፈ መግለጫ ስለዚህ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ያም ሆኖ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ «ፈቅጃለሁ» ብሎ የሚፈርመው ባለሙያ ወኪሉ ምን እንዳነበበ በሚገባው ቋንቋ ማየት አለበት። እኔ የምመርጠው መግለጫው በሁለቱም ቋንቋ እንዲኖርና ለፈራሚው የሚቀርበው የአማርኛው እንዲሆን ነው፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ የሚጠብቅ ሰው ግን በስም መመደብ አለበት።

መግለጫው ከተጻፈ በኋላ መፈተን አለበት፤ ይህም በአንድ ተራ ላፕቶፕ ሊደረግ የሚችል ሙከራ ነው። 200 ሜጋባይት የሚፈልግ ፕሮግራም 64 ሜጋባይት ብቻ በተፈቀደለት ኮንቴይነር ውስጥ ይነሣል፤ ይህ በሜሞሪ ማነስ ይሞታል። ሁለተኛው ኮንቴይነር በእጅ በምልክት 9 ይገደላል፤ የመውጫ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሆናል። ሦስተኛው ደኅና ሆኖ መስመሩ ይቋረጥበታል። አራተኛው ምንም አይደረግበትም። ከዚያ ወኪሉ ስለ አራቱም ይጠየቃል፤ መልሱ ከአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ስለሚለያይ ጥያቄው ቢያንስ ሃያ ጊዜ ይደገማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየቱ ይመዘገባል፤ ለሦስተኛው «አልታወቀም» ማለቱ ይመዘገባል። ለአራተኛው «ደኅና ነው፤ የሚደረግ ነገር የለም» ብሎ መተዉም እንዲሁ ይቆጠራል፤ ሥራ እንዲሠራ የታዘዘ ወኪል ምንም ሳያደርግ መመለስ ይከብደዋልና፣ መግለጫው አብዛኛውን ጊዜ እንደገና የሚጻፈው በዚህ በአራተኛው ምክንያት ነው።